የጓዳው ውቀጣ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። የሆሳዕና ከተማ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። አባዬ ዓይኑ ይበልጥ ቢደክምም ስምሽ በተነሳ ቁጥር ይመርቅሻል። የአባዬን መድኃኒት ነገር በስልክ ሳነሳብሽ ወሬ ትቀይሪያለሽ፤ አባዬም ከአጠገቤ አይጠፋም። ስለዚህ ይህን ጽፌ ወደ አንቺ በምትመጣው ጓደኛዬ በቤዚ እጅ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እማዬ ካረፈች በኋላ ቤታችን እንዴት ጭር እንዳለ ታውቂያለሽ። የአባዬን የቁርጥማት ዱቄት ፍለጋ ከመካኒሳም ከብስራተ ገብርኤልም እየመጣ ጀሞ ድረስ ደረጃችን ላይ ተራ ይጠብቅ የነበረው ሰው ሳሳ። ከላያችን ያሉት እትዬ ትሩፋት እንኳ "ያባትሽ መድኃኒት አፈር ሆነብኝ እኮ" አሉኝ። ቀድሞ የምትወቅጥለት እማዬ ብትሆንም፣ አባዬ ያንኑ ሥር፣ ያንኑ ቅጠል ነበር የሚቀላቅለው። "እጄን ይዛው ሄደች" እያለ መዳፉን ሲያሻሽ ይውል ነበር።

በየካቲት አንቺ መጣሽ። ትንሽ ሰንብቶ ሰዉ መመለስ ጀመረ። አንድ ቀን ከምሠራበት ፋርማሲ ስገባ አባዬ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ። "ከሰዓት ሳሸልብ እናትሽ ጓዳ ገብታ ስትወቅጥ ሰማኋት። እህትሽን ብጠይቃት ሱቅ ነበርኩ አለችኝ" አለኝ። አንቺ ሽንኩርት እየከተፍሽ ነበር፤ ቀና አላልሽም። ከዚያ ወዲህ ቶሎ ቶሎ ይሰማት ጀመር። "ተመለሰችልኝ" ይለኝ ነበር።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ በግንቦት፣ እትዬ ትሩፋት ደረጃ ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ልጃቸው ሀና ጠርታኝ ሆስፒታል አደረስናቸው። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ነበር። ሐኪሙ ጨጓራቸው እየደማ መሆኑን ነገረንና ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ጠየቀ። "የጋሽ ኢያቄምን ዱቄት ብቻ" አሉ፣ የአባዬን ስም ጠርተው።

አንቺ እያለሽ የተወቀጠላቸውን ዱቄት ወስጄ ነጭ ወረቀት ላይ በተንኩት። ከሥሩ ፍርፋሪ መሃል ስስ ብርቱካናማ ቅርፊቶች ነበሩ። በየቀኑ የማድለውን የሕመም ማስታገሻ፣ የዲክሎፌናክን ክኒን ልባስ አጣዋለሁ እንዴ? እማዬ ወቅጣ ከተወችው ብልቃጥ ውስጥም ያው ቅርፊት ወጣ። አባዬ ብቻውን ባዘጋጀው ውስጥ ግን የለም።

መድኃኒቱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሰውነታችን ሲጎዳ የሚያሳብጥና ሕመሙን የሚያብስ ነገር ይሠራል፤ ክኒኑ ያንን ያግደዋል። ግን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀው፣ ለኩላሊትም ደም እንዲደርስ የሚረዳው የዚያው ወገን ነው። መድኃኒቱ አንዱን ከሌላው አይለይም፤ ጉልበት ዝም ሲል ጨጓራ ጠባቂውን ያጣል። ልባሱ ክኒኑ ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ነበር የተደረገለት፤ ሙቀጫ ያንንም ይገፍፈዋል። ከተወቀጠ ወዲያ ደግሞ ማን ምን ያህል እንደዋጠ አይታወቅም።

ለአባዬ ነገርኩት፤ ስለ እማዬ ብቻ። የእማዬን ብልቃጥ ከእጄ ተቀብሎ ዳሰሰው። ከዚያ "ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው እጅህ ይባረክ ሲለኝ እሷ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር" አለ። በዚያው መሃል በሩ ተንኳኳ። ወገቡን የሚያመው ሰውዬ ነበር። አባዬ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሄዶ ከፈተለትና "መድኃኒተኛዋ ሞታለች" ብሎ መልሶ ዘጋው።

ሙቀጫውን ከቤት አውጥቻለሁ። ውቀጣው ግን አልወጣም። እሁድ ከሰዓት እኔው ራሴ ሰማሁት። ጓዳ ብገባ ማንም የለም። የላይኛው ቤት ነው እንዳልል፣ ሀናም እናቷ ዘንድ ሆስፒታል ስለነበረች ቤታቸው ተቆልፎ ነበር። አባዬ ከሳሎን "አንቺም ሰማሻት?" አለኝ። የጓዳውን በር ዘጋሁት።

እህቴ፣ አልወቅስሽም። መዳፉን ሲያሻሽ ማየት ለኔም ከብዶኝ ነበር። የጻፍኩልሽ ለሌላ ነገር ነው። እትዬ ትሩፋት እየተሻላቸው ነው፤ ልጠይቃቸው ስሄድ እማዬን አንስተው አለቀሱ። "ለሰው ከመስጠቷ በፊት ከየውቀጣው አንድ ማንኪያ ራሷ ትውጥ ነበር። 'መጀመሪያ በኔ ይለፍ' ትለኝ ነበር" አሉኝ። እኛ ደም ስታስታውክ የቆየ የጨጓራ በሽታዋ ነው ብለን ነው የቀበርናት።

አንቺ በሷ እጅ ነው ያደግሽው፤ ጠባይሽም የሷ ነው፤ ከወቀጥሽው ራስሽም ሳትውጪ አትቀሪም። ባለፈው ስንደዋወል ሆዴን ያቃጥለኛል ብለሽኝ ነበር። ሰገራሽ ጠቁሮ ከሆነ፣ ስትነሺም የሚያዞርሽ ከሆነ፣ ነገ አትበዪ። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂና የዋጥሽውን ሳትደብቂ ንገሪው። ለኔ መልስ ባትጽፊም ግድ የለም።

ፈጣሪ ለልጆችሽ ያቆይሽ፤ ሆድሽን ያሽርልሽ፤ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

የምትሳሳልሽ ታናሽ እህትሽ