አሻንጉሊቱን አልረሱትም

ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2018
ከቢጫው ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ወለል ላይ

ለምወድዎት የክርስትና እናቴ፣ ለእማ ቬባ፤

እንዴት ነዎት? ጉልበትዎስ ተሻለው? የዳቦ ቤቱ ምድጃ እንደጠፋ ነው? እኔ ደህና ነኝ ልልዎት ነበር፤ ግን እርስዎን መዋሸት አይሆንልኝም። ተናድጃለሁ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እርር ድብን ብያለሁ። ያልደወልኩትም ለዚህ ነው። የዳቦ ቤቱ ስልክ ሲነሳ ግማሹ ሰፈር ጆሮውን ይተክላል፤ እኔ ደግሞ መጮኼ አይቀርም።

አንዱን ነገር አሁኑኑ ልንገርዎት፣ ሌላው ይደርሳል። አሻንጉሊቱን አልረሱትም። ትንሹ የሕፃኑ ኢየሱስ አሻንጉሊት እርስዎ በእጅዎ እንደከተቱት ዳቦው ሆድ ውስጥ ነበር።

እናቴ ባለፈው ሳምንት ደውላ "ቬባ እኮ ሽርጧን ለእህቷ ልጅ ሰጠች፤ ጭንቅላቴ ከዳኝ፣ ከእንግዲህ አልጋግርም አለች" ስትለኝ አላመንኳትም። ሐኪም ዘንድም ሄደው "አሁን ያለንበት ወር ማን ይባላል?" እየተባሉ እንደ ሕፃን ተጠየቁ አሉ። እርስዎ! የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የልደት ቀን በቃልዎ የሚያውቁት! ለገና ቤት የመጣን ጊዜ የልጅዎን የኡባልዶን ጥቁር ካፖርት ኪስ ሲሰፉለት ጥቁር ክር አልቆብዎት በአረንጓዴ ሰፉት። እሱ "እማ፣ ሰው ይስቅብኛል እኮ" ሲል "ኪስህ ውስጥ ገብቶ ማን ሊያይህ ነው?" አሉት። ይሄ ጭንቅላቱ የከዳው ሰው መልስ ነው? ኧረ በእመቤታችን!

ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከዚያች የሰብአ ሰገል ቅዳሜ ስልክ ነው። ለበዓሉ የጋገሩልን ዳቦ በፖስታ ሲደርስ የማኅበራችን ቢጫ ቤት በሰው ተሞልቶ ነበር። ስለዚህ ቤት ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም፤ ልጅዎን ሊያደርሱ የመጡ ጊዜ በዚሁ ወጥ ቤት ነው ባቄላ የቀቀሉልን። በዚህ ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ግቢ "ጽዳት ነሽ?" ሳንባል የምንገባበት በር ይሄ ብቻ ነው። እኔ፣ ኢራይስና ኡባልዶ የላቲኖ ተማሪዎች ማኅበር መሪዎች ተብለን ስንመረጥም ቃል የገባነው ይሄንን ቤት ላናስነካ ነው።

እየሳቅን ቆረስን። አሻንጉሊቱ የደረሰው ሰው በሻማው በዓል በዚሁ ቤት ለሁላችን በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ታማሌ ቀቅሎ ያበላል፤ ወግ ነው። ዳቦው እስከ ፍርፋሪው አለቀ፣ አሻንጉሊት የለም።

"የዋጠ ሰው ይናዘዝ!"

"ኢራይስ፣ እስቲ አፍሽን ክፈቺ! አንቺ እንደሆንሽ ታማሌ ከመቀቀል መሞት ትመርጫለሽ!"

በመጨረሻ ኡባልዶ ስልኩን ለሁላችን እንዲሰማ አድርጎ ደወለልዎት። "እማ፣ ዘንድሮስ ረሳሽው እኮ!" አለዎት።   እርስዎም "ረስቼው ይሆናላ ልጆቼ፣ ይቅር በሉኝ" አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን አውቄ።

ከትናንት ወዲያ ዲን ዊትኮም ሦስታችንን ቢሮው አስጠራን። ይሄ ሰውዬ ለጋሾች በመጡ ቁጥር "ኑ ፎቶ ተነሡ" እያለ የሚጠራን ነው። ፊታችን ለመጽሔታቸው ሽፋን ያምራል፤ የራሳችን የምንለው ቤት ለማግኘት ግን አንበቃም። በገዛ እጁ ሻይ ቀዳልንና ቢጫው ቤት የለጋሾች እንግዳ መቀበያ እንደሚሆን ነገረን። እስከ ማግስቱ ማታ ለቀን ቁልፉን እንድናስረክብ አዘዘን።

"ማንን ጠይቃችሁ?" አልኩት።

"ኧረ ልጆች፣ ይሄ እኮ ከገና በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ተስማምቶ ፈርሟል። በጨዋ ደንብ ነው የጨረስነው።"

ማን እንደፈረመ ለመናገር ግን አይፈቀድልኝም አለ። ሻይ እያጠጣ ቤታችንን ነጥቆን፣ ጨዋ!  ከሦስታችን ሁለታችን ክው ብለን ቀረን። ሦስተኛው ዓይኑን በጨው ታጥቦ ጠረጴዛውን እየደበደበ "ማን ነው እሱ ከሃዲ? ስሙን ይንገሩን!" እያለ ጮኸ።

ስንወጣ በረዶ ይጥላል። ካፖርቴን ረስቼ ነው የመጣሁት፤ ያ የጮኸው ልጅ የራሱን አውልቆ ደረበልኝ። ጣቶቼ ደርቀው ስለነበር እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። ትንሽ፣ ጠንካራ ነገር ነካኝ። አወጣሁት። እማ ቬባ፣ ሕፃኑ ነው! የደረቀ ዳቦና የስኳርዎ ቅርፊት ጀርባው ላይ ተጣብቆ።

"ይሄ ምንድነው?" አልኩት።

"ኔሬይዳ፣ ቀስ ብለሽ ስሚኝ…"

"ምንድነው አልኩህ!"

"ደረሰኝ ካልኩ በሻማው በዓል እዚህ ቤት አበላችኋለሁ ማለት ነበረብኝ። ቤቱ እንደማይኖር ደግሞ አውቃለሁ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ እንዴት ብዬ ቃል ልግባ?"

"ለምን ፈረምክ?"

"ዲኑ ለሕግ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ይጽፍልኛል። ቤቱ እንደሆነ ፈረምኩም አልፈረምኩም መወሰዱ አይቀርም።"

"እሺ እሳቸውስ? ጭንቅላቴ ከዳኝ ብለው ምድጃቸውን ያጠፉትስ?"

"የፕላስቲክ አሻንጉሊት እኮ ናት" አለኝ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። ያልቅስ! እኔ አላባበልኩትም።

ቤቱን አሳልፎ መስጠቱ ዕድሜ ልኬን ያናድደኛል። ግን እርስዎ ተጨንቀው ሐኪም ዘንድ ሲመላለሱ፣ ጤነኛ አእምሮዎን ሲጠራጠሩ፣ እውነቱን በኪሱ ይዞ ዝም ማለት? በየሳምንቱ እየደወለ "ደህና ነሽ?" ማለት? ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል? እርስዎ ካወቁ ይንገሩኝ፤ እኔ አልገባኝም።

ትናንት የሻማው በዓል ነበር፤ ከቤቱ አልወጣንም። ኢራይስ የበቆሎውን ሊጥ አቦካች፣ እኔ ጠቀለልኩ። ታማሌው ጨው በዝቶበታል፤ እንዳይስቁብን። ዲኑ ሁለት ጥበቃዎች ልኮ "ጠረጴዛውን ልናወጣ ነው" ሲሉን "መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ብሉ" አልናቸው። አንደኛው በላ፤ ሌላኛው በር ላይ ቆሞ ሬዲዮኑን ሲነካካ ቆየ። ጠረጴዛው አሁንም እዚሁ ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ካልወጣችሁ ከትምህርት ትታገዳላችሁ የሚል ማስጠንቀቂያ በሩ ላይ ለጥፈዋል። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽዎትም። እናቴ ብታውቅ ትታመማለች፤ እባክዎ ቀስ አድርገው ይንገሩልኝ። ግን አልወጣም።

ያ ልጅ ከትናንት ጀምሮ ውጪ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሏል። እኛም አላስገባነውም፣ እሱም አልሄደም። ኢራይስ ሳታየኝ አንድ ታማሌ በመስኮት ሰጠሁት፤ ለምን እንደሰጠሁት አላውቅም። "እሑድ ደውዬ ራሴ እነግራታለሁ" ብሎኛል። ይሄ ደብዳቤ ሲደርስዎ እሑድ ያልፋል። ነግሮዎት ከሆነ ደብዳቤውን ቀደው ምድጃው ውስጥ ይጣሉት። ለዚህ ደግሞ ምድጃው መንደድ አለበት፤ ሽርጥዎን ያስመልሱ፣ ሐኪሙንም ወሩን ከቀን መቁጠሪያ ላይ ይይ ብለው ይንገሩልኝ።

እመቤታችን ጤናዎን ትጠብቅልን፣ እጅዎን ትባርክልን። ከሩቅ ሆነውም ቢሆን በግንባሬ ላይ አማትበው ይመርቁኝ፤ ዘንድሮ ምርቃትዎ በጣም ያስፈልገኛል።

የክርስትና ልጅዎ
ኔሬይዳ

ማስታወሻ፦ አሻንጉሊቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ፖስታው ውስጥ ከትቼዋለሁ። የልጁን ስም ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። የካፖርቱ ኪስ ግን በአረንጓዴ ክር የተሰፋ ነው። ማን እንደሰፋው ያስታውሳሉ፤ እርስዎ የሚረሱት ነገር የለም።