የባለቤቴ ኮምፒውተር ይተኛልኝ ዘንድ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የኮምፒውተር አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደኅንነት፣ በተለይም ሰላማዊ እንቅልፍ እመኛለሁ። በጋዜጣ ለመጻፍ የደፈርኩት ቀደም ሲል በፖስታ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ጠረጴዛዎ ላይ ተደራርበው ቦታ እንዳያጣብቡብዎት በማሰብ ነው።

ባለቤቴ የድርጅታችሁ የውኃ መስመር ንድፍ አውጪ ነበር። ቤቱ ሆኖ እንዲሠራበት የሰጣችሁት ኮምፒውተር እሱ ከሞተ በኋላም በሥራ ክፍሉ አለ። ያላለቁ ንድፎች ስላሉበት ርክክብ እስኪፈጸም እንዳይጠፋና ከሶኬት እንዳይነቀል አዝዛችሁኛልና፣ እንቅልፍ ላይ አድርጌ ትቼዋለሁ። እሱ ግን አይተኛም። ከምሳ በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል ማንም ሳይነካው ይነቃል፤ ማራገቢያው ያጓራል፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ደወሉም ይሰማል።

ከእሱ ሞት ወዲህ አብረውኝ የሚኖሩት አማቴ ዕድሜ ትዝታቸውን ወስዶባቸዋል። ደወሉን ሲሰሙ ግድግዳ እየደገፉ ይመጡና "መጣ አይደል? ምሳውን አሙቂለት እንጂ ምን ትገተሪያለሽ!" ይሉኛል። እኔም ልጃቸው መሞቱን እነግራቸዋለሁ። መርዶው ለእሳቸው ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ሁልጊዜም እንደ መጀመሪያው ቀን ያለቅሳሉ። አንዲትን እናት በአንድ ልጅ ሞት ስንት ጊዜ ማርዳት እንደሚፈቀድ መመሪያችሁ የሚለው ነገር ካለ ባውቀው ደስ ይለኛል።

አቤቱታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ ትምህርት ቤት ባልገባም ማንበብን ራሴን በራሴ አስተምሬአለሁና፣ ከባለቤቴ መደርደሪያ ላይ ያገኘሁትን የኮምፒውተር መጽሐፍ አነበብኩ። ማውዝ በትንሹም ሲነቃነቅ ሊቀሰቅሰው ይችላል ስለሚል ማውዙን ነቀልኩ። በኔትወርክ በኩልም ሊቀሰቀስ ይችላል ስለሚል ገመዱን ነቀልኩ። ነቃ። በሰዓት የታዘዘ መቀስቀሻ ካለ ፈልጉና አጥፉት ይላል ደግሞ። የይለፍ ቃሉ የእናቱ ስም ስለሆነ መግባት አልቸገረኝም። መቀስቀሻውን አገኘሁት፤ ላጠፋው ስል ግን "ይህ ቅንብር በድርጅትዎ የተያዘ ነው" የሚል ጽሑፍ መጣ። በትዳር በኖርንበት ዘመን ሁሉ ድርጅቱ ይህን ያህል አጥብቆ እንደያዘው አላወቅሁም ነበርና ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ በስልክ ያነጋገሩኝ ባለሙያ እጅግ ትሑት ሰው ናቸው። ገመዱን መልሼ እንድሰካ ካዘዙኝ በኋላ "እትዬ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው፤ እዚሁ ቁጭ ብለን እናጠፋዋለን። ጥያቄው ግን ከተጠቃሚው መምጣት አለበት" አሉኝ። ተጠቃሚው መሞቱን ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑ፤ ነፍስ ይማር አሉ። ቀጥለውም "እንግዲያው በአካል መምጣት አያስፈልጋቸውም፤ በኢሜይል ብቻ ያሳውቁን" አሉ። ለሟች ስላደረጋችሁለት አስተያየት ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ሦስተኛው በእናንተ ላይ የቀረበ አቤቱታ አይደለም። ሰሞኑን መርዶው ከአፌ አልወጣ ቢለኝ "እየሠራ ነው፣ እማማ፤ አይረብሹት" አልኳቸው። በሕይወት እያለም ስንቴ ብያቸዋለሁ! ልጃቸውን ለማየት ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ሲመጡ ከበር የምመልሳቸው እኔ ነበርኩ። ሥራውን የማከብርለት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ወንበር አቀረብኩላቸውና በተዘጋው የሥራ ክፍሉ በር ፊት ተቀመጡ። የማራገቢያውን ድምፅ እያዳመጡ "ሥራ ይዞት ነው እንጂ ልጄስ ይወደኛል" አሉ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይቀመጣሉ፤ እኔም በየቀኑ እዋሻለሁ።

እንግዲህ ይህ ውሸት ሥር ሳይሰድ፣ ለሦስታችንም ሲባል ኮምፒውተሩ ይተኛልኝ ዘንድ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

የክፍላችሁን ትዕግሥት ከማድነቅ ቦዝኜ የማላውቅ፣ በመዝገባችሁ ግን የማልገኝ፣
የተጠቃሚው ሚስት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ባለሙያው የተጠቃሚውን ኢሜይል መጠበቁን ትተው ኖሮ፣ ደውለው ኮምፒውተሩ ከሩቅ መስተካከሉን አበሠሩኝ። እውነትም ዛሬ አልነቃም። አማቴ ከምሳ ጀምረው በሩ ፊት ተቀምጠው "ዛሬ ምን ነካው?" ሲሉኝ፣ ቀደም ብሎ ሥራውን ጨርሶ ወጣ አልኳቸው። "ሳያየኝ?" አሉ። ለዚህ የሚሆን መልስ በክፍላችሁ ካለ፣ እንደ ልማዳችሁ ሳይሆን ቶሎ ላኩልኝ።