በራሱ የቆመው ዘይቱን

ሰይዶዬ፣ አላህ ይዘንልህና፣ ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሊሞላ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፣ እሱን ታውቀዋለህ።

ልጃችን ጀማል በሞትክ ሰሞን ከደሴ መጥቶ በረንዳው ድረስ ቧንቧ አስገባልኝ። የአሳ መረብህን ለወንድምህ ሰጠሁት፤ ሐይቁ ላይ ሲጥለው ሳይ ግን ፊቴን አዞርኩ።

የምጽፍልህ ስለ ዘይቱንህ ነው፣ ጓሮ አጥሩ ሥር ስለበቀለው ወፍ ዘራሽ። ስንት ዓመት ተከራከርንበት! ከአላህ በቀር በራሱ የሚኖር የለም፣ ሌላው ሁሉ ተደጋፊ ነው እያልክ ጎረቤቱን ስትመክር ትውልና ዘይቱንህ ጋ ስትደርስ ትረሳዋለህ። ማን ተከለው፣ ማንስ አጠጣው እያልክ ትኮራበት ነበር። የልብስ እጣቢ ልደፋበት ብል እንኳ ከልክለኸኛል። አንተ በሞትክ በሦስተኛው ወር ቅጠሉ ይረግፍ ጀመር።

ነገሩ ከነከነኝ። ከዚህ የባሰ በጋ ችሎ ያለፈ ዛፍ ነው። ቅጠሉን ገልብጬ ትል ፈለግሁ፤ የለም። ግንዱን ፋቅ አደረግሁት፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ አይታው፣ ባለቤቱን አጥቶ አዝኖ ነው አለችኝ። እሷ ያው ሆደ ባሻ ናት፤ እኔ አልተቀበልኳትም።

ትናንት ሥሩን ልኮተኩት ጎንበስ ስል ውዱእ የምታደርግበትን ድንጋይ አየሁት። ከድንጋዩ እስከ ዛፉ ሥር ጣት የምታህል ቦይ ወርዳለች። በየሶላቱ ከማንቆርቆሪያህ የፈሰሰው ውሃ የቆፈራት ናት። እኔ ደግሞ ቧንቧው ከገባ ወዲህ ውዱእ የማደርገው በረንዳ ላይ ነው። ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። አጠጪው አንተው ነበርክ እኮ፣ ሰውዬ።

እኔም ብሆን ማንም አይደግፈኝ እያልኩ ስፎክርብህ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጫማዬን ማልደህ ፀሐይ ላይ የምታወጣልኝ አንተ መሆንህን ያወቅሁት ዘንድሮ እግሬን ሲበርደኝ ነው። ሌላስ ምን ምን ነበር? እየፈለግሁ ነው።

ዛሬ ማንቆርቆሪያህን ይዤ ድንጋይህ ላይ ተቀመጥኩ። ይትረፍ ይድረቅ አላህ ያውቃል፤ እኔ ግን በቀን አምስት ጊዜ እዚያው አንተን እያነሳሁ ውዱእ አደርጋለሁ። ፍሬ ከያዘ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ በራሱ በቀለ አልልም። ሰይዶ ነው ያጠጣው እላለሁ።