እናታችን ሳቀች

ለወንድም ጋሼ ይመር፣ ከናዳው ሥር፤

ቆመህ እንደሆነ ተቀመጥ፤ ከባድ መርዶ አለኝ። የሰማህ ላልሰማ አሰማ ይባላል፤ አንተም እዚያው አብረውህ ለተኙት የመንገድ ሠራተኞች አሰማ። ፊደሌ ቢንጋደድ አለንጋቸው አጭር የነበረውን መሪጌታን ውቀስ። ጣርማ በር ካስቀረህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ እዚህ ቆላው ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሏን እንደለበሰች፣ እናታችን ሳቀች።

አዎ፣ ጥርሷ ታየ።

ማሽላው አሽቷል፤ ወፍ እንደ ሶላቶ ወሮታል። ትናንት ማማው ላይ ቆሜ ወንጭፍ ሳዞር፣ አንተ “ዝሆን ይሸከማል” እያልህ የተመጻደቅህበት ርብራብ ተሰበረና እስከ ብብቴ ሰመጥሁ። ከላይ ራሴ ቀረ፣ ከታች እግሬ ይወራጫል። እማዬ ቆሎ ይዛ ስትመጣ ያየችው እግሬን ብቻ ነው።

“የማነው ይሄ እግር?” አለች።

“እኔን አትጠይቂኝ፣ እኔ ላይ ነኝ” አልኋት።

ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደንግጣ አፏን በጥቁር ነጠላዋ ያዘች። ምን ዋጋ አለው! አክስታችን አስካለ ከማዶ ማሳ ሰምታለች። “ድነሽ እንደሆነ ከሉን አውልቂና ንገሪን! ልጇን የቀበረች እንዲህ ታስካካለች?” አለቻት። እማዬ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እህል አልቀምስም አለች።

ጋሼ፣ ነደድሁ! ስናለቅስ “በቃችሁ፣ እርማችሁን አውጡና ተነሡ” የሚሉን እነሱ፤ ስንስቅ “ምነው ቶሎ ረሳችሁ” የሚሉን እነሱ። ሀዘን የሚሰፍሩበት ቁና ማን ሰጣቸው? ጣልያን ያንን የጣርማ በር ተራራ ቶሎ ልብሳው ብሎ ድማሚት በድማሚት ላይ አፈነዳና አንተን ቀበረብን። የእኛዎቹም ሀዘናችን በአንድ ቀን ፈንድቶ ወዲያ ማዶ ብርሃን እንዲታይ ይፈልጋሉ። ከጣልያን በምን ተሻሉ? እሱስ ባዳ ነው።

አንተም ብትሆን አይቀርልህም። “ደርሼ እመጣለሁ” ያልኸው አንተ አይደለህም? ውሸታም!

እውነቱን ለመናገር እኔም በአርባህ ማግስት እንደነሱ ሞኝ ነበርሁ። “ከዛሬ ወዲያ እንባ የለም” ብዬ ማማው ላይ ወጣሁ። ወፍ ላባርር አፌን ስከፍት የወጣው ያንተ ጩኸት ሆነ። ተንሰቅስቄ ወረድሁ። መዳን አልችልበትም ብዬ መሰላሉን በእርግጫ መታሁት፤ ያበጠው ግን የእኔ እግር ነው። ከዚያ ወዲህ ሲቀናኝ እስከ ግማሹ እወጣ ነበር፣ ሲከፋኝ እወርድ ነበር። አሁን እስከ ላይ እወጣለሁ። አንዳንድ ቀን እያለቀስሁም ቢሆን ወፍ እጠብቃለሁ፤ ወፍ እንደሆነ እንባ አይቶ አይራራም።

ዛሬ ጧት አክስታችን ልታጽናና ነው መሰል ተመልሳ መጣች። በር ላይ ቆሜ፣ “እትዬ አስካለ፣ ለለቅሶው ከሆነ የመጡት ነገ ይመለሱ፣ ዛሬ የሳቅ ተራ ነው” አልኋት። “አንተ እርጉም! ያንን አፍህን ምስጥ ይብላው!” ብላ ገፍትራኝ ገባች። እኔም ተከትያት ገብቼ፣ “ለእናቴ የሀዘን አለቃ አያስፈልጋትም፤ ስትፈልግ ትስቃለች፣ ስትፈልግ ታለቅሳለች፤ ከሉንም የምታወልቀው እሷ ናት” ብዬ ጮኽሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ይንቀጥቀጥ።

እማዬ ከግድግዳው ዞር አለች። ዓይኗ አብጧል። “አትጩህ አንተ ባለ ፎቅ፣ ና ቆሎህን ብላ” አለችኝ። አክስታችን ባለ ፎቅ ማለት ምን እንደሆነ አልገባትም፤ እኛም አልነገርናትም።

እማዬ አልሳቀችም። ግን ከእኔ ጋር አንድ ጭብጥ በላች። ማታ ታለቅስ ይሆናል፤ ታልቅስ።

አንተን አልረሳም፣ ይቅርም አልልህም፤ ሁለቱንም ይዤ እኖራለሁ። ማሽላ ባሸተ ቁጥር ወፎቹን በአንተው ስድብ እየሰደብሁ አነሣሃለሁ።

መርዶ ብዬ ያስደነገጥሁህ ነገር እንግዲህ ይኸው ነው፤ አንድ የበሰበሰ እንጨት ተሰበረ፣ አንዲት ሴት ሳቀች። እሱም ቢሆን አጭር ሳቅ ነበር።

ታናሽህ