ከጎን የተሳለች ሴት

እሑድ፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2011፣ ኖርድቬስትሽታት

ዛሬ ልጄን ሊያን ለትምህርት ቤት ሥራዋ ብዬ ወንዙ ዳር ያለው ሙዚየም ወሰድኳት። አንድ የድሮ የጣልያን ሥዕል ፊት ቆምን። ሴትዮዋ የተሳለችው ከጎን ነው፤ በአንድ እጇ መስታወት ይዛለች፣ ክንዷ ላይ እባብ ተጠምጥሟል። ሳላመነታ "ይቺማ ክፉ ሴት ናት" አልኩ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ አንድ ዓይን ብቻ የሚሳልለት ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው። እባብ ሲጨመርበት ደግሞ ምን ይጠየቃል?

ሊያ ከሥር የተጻፈውን በጀርመንኛ አነበበችና "ናይን ማማ፣ ክፉ አይደለችም፣ ጥበብ ናት። እባቡም ብልህነት ነው" አለችኝ። የሰማኝ ሰው ያለ መስሎኝ አፍሬ ቶሎ አለፍኩ።

ቤት ስንገባ ሃውስአውፍጋቤዋን፣ ያንኑ የቤት ሥራዋን፣ ጨረሰች። አንድ ጠባይ በሰው አምሳል መሳል ነበረባት። "ትዕግሥት" ብላ እኔን ስላኛለች። የሥራ ጃኬቴን ለብሻለሁ፣ ቁልፍ ይዣለሁ፤ ግን ከጎን ነኝ፣ በአንድ ዓይን።

ሙገሳ መሆኑን አውቃለሁ። ሆዴ ግን እሺ አላለኝም።

"እንደዚያች ሴትዮ ልታደርጊኝ ፈልገሽ ነው?" አልኳት።

ሁልጊዜ በጀርመንኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል በአማርኛ መለሰችልኝ።

"አይ። እኔ አንቺን ሁሌ የማይሽ እንደዚህ ነው፤ ወደ በሩ ዞረሽ ስትወጪ።"

ሥዕሉን ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ነገ ፍሩሺሽት፣ የማለዳ ፈረቃ ነኝ፤ ገና ሳትነሳ ነው የምወጣው።