አቶ ሰቦቃ ለምን ይመለሳሉ?

ጥቅምት 6
ድንገተኛ ክፍል ሞልቶ ዋለ። ከሰዓት አቶ ሰቦቃ መጡ... በሦስት ወር ሦስተኛ ጊዜ። እግራቸው አብጧል፣ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ልባቸው ደካማ ነው፤ ግን የሚያሸናውን ኪኒን በየቀኑ ቢወስዱ ሆስፒታል ባልተኙ።
"ይወስዳሉ?"
"እንዴታ!"
አስተኛኋቸው። ሌላ ምን ላድርግ?

ጥቅምት 7
አልጋ የለም። አስም ያፈናት ልጅ ኮሪደር ላይ አደረች። እናቷ፣ "ዶክተር፣ ውስጥ ቦታ አይገኝም?" አለችኝ።
ሲስተር አያንቱ የአቶ ሰቦቃን ካርድ ሲያገላብጡ ቆዩ። "ቤታቸው ሄጄ ልይ" አሉ። ማንም አላዘዛቸውም።

ጥቅምት 9
ልጅቷ አልጋ አገኘች። ተመስገን።

ጥቅምት 17
አቶ ሰቦቃ ባለፈው ረቡዕ ወጡ። ሲስተር አያንቱ ቅዳሜ፣ በእረፍት ቀናቸው፣ የእንጦጦን አቀበት በእግራቸው ወጥተው ቤታቸው ሄዱ። ስለ ኪኒኑ ወዲያው አልጠየቁም። በኦሮምኛ ስለ ድሮ እርሻቸው፣ ስለ ልጆቻቸው አወሩ። ከዚያ ነው ሽማግሌው ምስጢራቸውን ያወጡት። ጉርድ ሾላ ጥበቃ ናቸው፤ ጠዋት ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። ኪኒኑን ከዋጡ መንገድ ላይ ሽንት ያጣድፋቸዋል።
"አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አመለጠኝ። ይሄ ለሴት ሐኪም ይነገራል?"
ለሲስተር አያንቱ ግን ነገሯቸው!
"ሥራ ቦታ ሽንት ቤት አለ። እዚያ ደርሰው ቢወስዱትስ?" አሉኝ ሲስተር።
ይቻላል። በጣም ይቻላል...
በሦስቱም ጊዜ አስተኝቻቸዋለሁ። አሥራ ስምንት ቀን አልጋ ይዘዋል። ውሏቸውን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። አፈርኩ። በእኚህ ሴት ደግሞ ኮራሁ።

ታኅሣሥ 10
አቶ ሰቦቃ ለቀጠሮ ብቻ መጡ። እብጠት የለም፤ ደረጃውን ብቻቸውን ወጡ።
ከእሳቸው በኋላ ወይዘሮ ሸዋረጋ ገቡ፤ ስኳራቸው ከፍ ብሏል። ሌላው ምርመራ ደህና ነው። የመኝታውን ወረቀት አንስቼ ነበር... አስቀመጥኩት። ወንበሬን ሳብ አድርጌ፣ "መርፌውን ማነው የሚወጋዎት?" አልኳቸው።
"እኔው ነኝ። መርፌው ላይ ያለው ቁጥር ግን አይታየኝም፣ በግምት ነው።"
ልጃቸውን ሩሃማን አስጠራሁ። ሲስተር አያንቱ ልኩን አይታ እንድትወጋቸው አስተማሯት። እናትና ልጅ ተያይዘው ቤታቸው ሄዱ።
"ቅዳሜ ቀበና አንድ በሽተኛ አለኝ" አሉኝ ሲስተር ሲወጡ።
"አብሬዎት ልምጣ?"
ጫማዬን ቁልቁል አዩ። "ነይ። መንገዱ ድንጋይ ነው። ይሄን ጫማ ግን ቀይሪው።"