ጥፋት ላልተገኘበት ባሌ

ታዴዬ፣

ባለፈው ሳምንት ከሲልቨር ስፕሪንግ በሚነሳው አውቶቡስ ላይ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ያገራችን ሰው ለጓደኛው «ይሄ እኮ አሜሪካ ነው፣ ሕግ ያለበት አገር ነው» ሲለው ሰማሁ። አመንኩትና ሕጉን ልፈልግ ተነሳሁ። ከተለየኸኝ ስድስተኛ ወሩን ይዟል፤ ሌላ የምፈልገው ነገርም አልነበረኝ።

ቤቱ እንደተውከው ነው ብዬ አልዋሽህም። ወንበርህን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ልጃችን ማርታ በአማርኛ ስጠይቃት አሁንም በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ግን ጠበቃ ፊት አስተርጓሚዬ ስለሆነች መቆጣቱን ትቻለሁ።

አሌክሳንድሪያ በነጻ የሚያማክር ልጅ እግር ጠበቃ አገኘን። ትሠራበት የነበረው ሆቴል ሥራ አስኪያጅ እጅህን ጨብጦ፣ መልካም ዕድል ተመኝቶ እንዳባረረህ፣ ምክንያቱን ብትለምነውም እንዳልነገረህ አስረዳሁት። ብዙ ተናገረ። ማርታ አሳጠረችው፦

«እማዬ፣ ምክንያት አያስፈልጋቸውም። አንቺም ሥራሽን ያለ ምክንያት መተው ትችያለሽ ይላል።»

እኩል ነን ማለት ነው። ኩራት ተሰማኝ። በዘርህ ወይም በሃይማኖትህ ቢሆን ኖሮ ክልክል ነበር አሉ፤ ምንም ያላለን ሰው መክሰስ ግን ይከብዳል።

ሽማግሌ የላክንበት ቀን ትዝ አለኝ። ሦስቱም ከረባታቸውን አስረው፣ ከመካከላቸው በአንዱ በጋሼ መኮንን መኪና ከአናንዴል ወደ ሆቴሉ ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ሥራ ፈላጊ መስለውት ፎርም ሊሰጣቸው ነበር። ጥፋት ካለ እንገሥጸዋለን፣ ይቅርታም ይጠይቃል ሲሉት ጊዜ፣ አንዳች ጥፋት እንደሌለብህ፣ እንዲያውም ጎበዝ ሠራተኛ እንደነበርክ መሰከረልህ። እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ተቸገሩ። አጥፍተህ ቢሆን ያስታርቁህ ነበር፤ ያልተሠራ ጥፋት እንዴት ይቅር ይባላል?

ሲመለሱ ጋሼ መኮንን «ሰው በከንቱ አይባረርም፤ የደበቀን ነገር አለ» ማለታቸውን ሰማን። እሑድ ወሬው ቸርች ቀድሞህ ገባ። የዩኒፎርምህን ሸሚዝ ስተኩስ «የሰው ንብረት ነው፣ ቀስ በይ» የምትለኝ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ የመጨረሻው ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመርክ። ስትሞት ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። እሱ እንኳ ምክንያት ሰጥቷል።

እኔ አልረሳህም። ንጹሕ ሰው እንደነበርክ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ፤ ቃሌ ነው። ኮትህን ለሚለብሰው ሰው ሰጠሁት። ከመስጠቴ በፊት፣ ምን አጥፍተህ ይሆን ብዬ ኪሶቹን ሁሉ ፈትሻለሁ።